ከመርካቶ እስከ ወረር ከአንድ መጋዝ ጋራ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለመንፈሳዊ በዓል፥ አንዱም ዘመድ ለመጠየቅ ይሄዳል። እኛ ግን በዚህ ሰሞን ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ አዋሽ ሸለቆ የወረድነው አንድ የሞተር መጋዝ እንዴት አድርጎ እንደሚጮህ ለመስማት ነው ብንል፥ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ዳሩ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ቢከተለን የስድስት ወጣቶች እንጀራ በዚያ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ይረዳዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመርካቶ ነው። ከገበያው ዳር ካሉት ጠባብ ጋራዦች በአንዱ ውስጥ የውሃ መሳቢያ ሞተር፥ ጄኔሬተርና የሞተር መጋዝ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። በወረር አጠገብ እርሻ ያለው አንድ ወዳጃችን የውሃ ሞተሩን እንድናሠራለት አደራ ስላለን፥ ወደ እኒህ ሰው ሄደን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ አንድ ወጣት ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ከጆንያውም ውስጥ የሞተር መጋዝ አውጥቶ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አኖረና፥ «ጋሼ፥ እባክዎ ይዩልኝ፤ ሁለተኛ ጊዜው ነው» አለ።

አዛውንቱ የማስነሻውን ገመድ ሳብ ቢያደርጉት ገመዱ እንደ ተቸነከረ ሁሉ አልንቀሳቀስ አለ። ሁለት ቡሎን ፈትተው ማርሚታውን አነሡና በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከዚያም እኛን ጠርተው አሳዩን። መስተዋት መስሎ ሊያበራ የሚገባው የፒስተኑ ገላ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጥጦ፥ ፋሻውም ከቦታው ተጣብቆ ነበር። «ነክሷል» አሉ በአጭሩ። ወጣቱ ምንም ሳይናገር ከግድግዳው ተጠግቶ ቁጭ አለ።

ታሪካችንን ከመቀጠላችን በፊት ስለ ጋራዥ አማርኛ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። አማርኛን ከመጽሐፍ ያጠና ሰው ወደ ጋራዥ የገባ እንደ ሆነ በመዝገበ ቃላቱ ያላያቸውን ብዙ ቃላት ይሰማል። የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውንና ጭሱን የሚያሳልፈውን የብረት ሣጥን ማርሚታ ይሉታል፤ ቤንዚንንና አየርን የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር፥ ድብልቁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ፥ ጥርስ ያለውን ትንሽ ብሎን ቪቴ፥ መፍቻውን ካቻቪቴ፥ ሞተሩ ያለ ሥራ ዝግ ብሎ የሚዞርበትንም ፍጥነት ሚኒሞ ይሉታል። እነዚህ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን በመካኒኮች አፍ ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ ዛሬ የአገር ልጆች ሆነዋል። ስለዚህ «የድምፅ ማፈኛው» ከማለት «ማርሚታው» ማለት ለሁሉም ይቀላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንከተላለን።

ወጣቱ የነገረን ታሪክ ይህ ነው። በወረር አካባቢ ስድስት ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለው መጋዙን ገዙ። ሥራቸውም ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃም ዛፍ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት ላይ መመንጠር ነው። ይህ ዛፍ መነሻው የአሜሪካ ምድር ሲሆን፥ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግድም ለጥላና በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባ ነው። ከዚያ በኋላ ፍየሎችና ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየሄዱበት በፋንድያቸው ስለ በተኑት፥ ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ መጋዙ አቅም አጠረው። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው፥ «ማርሚታው ስለ ጠበበ ነው፤ ይከፈትለት» ብሎ መከራቸውና ሊሠራላቸው ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። በማርሚታው ላይ ትልቅ ቀዳዳ ከፈተ፤ የብልጭታ መያዣውን የሽቦ ወንፊት አውጥቶ ጣለ፤ የካርቡራቶሩንም ቪቴ አጠበቀ። መጋዙም ሰፈር እስኪሰማው ድረስ ጮኸ። ስድስቱ ጓደኛሞች ድምፁን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ነገር ግን ወረር ላይ በአራተኛው ቀን ሞተሩ ነከሰ። ከዕቁቡ የተረፈውን ገንዘብ አውጥተው አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን አስገቡ፤ ቪቴውም እንደ ነበረ ተተወ። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ገና ነከሰ።

«ገንዘቡ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረን» አለ ወጣቱ። «ነገር ግን፥ ጋሼ፥ ማርሚታውን መልሰው አይድፈኑብኝ፤ ያለዚያ እንጨቱን አይችለውም።»

አዛውንቱም ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፥ «ጥፋቱ የቀዳዳው ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነገር በአንድ ወገን ተደርቦበት ነው» አሉ። ያስረዱንን እኛ እንደሚከተለው አሳጥረን እናቀርባለን።

የሞተር መጋዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱን በሆዱ ይዞ ሲዞር፥ የመጋዝ ሞተር ግን ዘይት የሚያገኘው ከሚጠጣው ቤንዚን ጋራ ብቻ ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት የሚደባለቅበት መጋዝ ብዙ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ያነሰው መጋዝ ዘይትም ያንሰዋል። ቤንዚኑ አንሶ አየሩ ሲበዛ ድብልቁ ስስ ሆነ ይባላል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ ወፍራም ይባላል። በስስ ድብልቅ የሚሠራ ሞተር በጣም ይግላል፤ ማለስለሻው ዘይትም ስለሚጎድለው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ይፋተግና ይነክሳል።

አሁን ወደ ሦስቱ ነገሮች እንመለስ። አንደኛ፥ ማርሚታው ሲከፈት የተቃጠለው ጭስ በቀላሉ ስለሚወጣ በቦታው ብዙ አዲስ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል። ሁለተኛ፥ ቪቴውን ወደ ቀኝ ማጥበቅ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሦስተኛውን ግን ሁላችንም አላሰብነውም ነበር፤ ይኸውም የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ወረር ግን 740 ሜትር ግድም ስለሆነ የጎደለው ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በደጋ የተቃኘ መጋዝ ወደ ቆላ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ይስባል፤ የቤንዚኑ መንገድ ግን በደጋ እንደ ጠበበ ይቆያል። የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ጥቂት ቢያሳሳውም ልዩነቱን አያጠፋውም። ማርሚታው ተከፈተ፥ ቪቴው ጠበቀ፥ መጋዙም ቆላ ወረደ፤ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ገፉት።

አዛውንቱ የውሃውን ሞተር ለመትከል ከእኛ ጋራ ወደ ወረር ሊወርዱ ተቃጥረው ስለ ነበር፥ «መጋዙንም ይዘነው እንውረድና እዚያው እንቃኘዋለን» ብለው ቈረጡ። በሁለት ቀን ውስጥም ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ለወጡ፤ ሞተሩ ከሌላ ቦታ አየር እንዳይስብ ጓርኒሲዮኑንና የቤንዚኑን ቱቦ መረመሩ። ከዚያም የተበላሸውን ማርሚታ አስወግደው በሌላ ደኅና ማርሚታ ላይ ሥራ ጀመሩ።

ሥራውን በቅርብ ስላየነው እንደሚከተለው እንገልጸዋለን። ከሁሉ አስቀድመው ማርሚታውን ከመጋዙ ላይ ፈቱና የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ በንጹሕ ጨርቅ ወተፉት፤ የብረት ብናኝ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ አዲሱን ፒስተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያበላሸዋልና። ከፋብሪካው የተሠራው መውጫ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል ነበር። አዛውንቱ ከጎኑ ያንኑ የሚያህል አንድ ቀዳዳ ብቻ በሱ። «ሁለቱ ተደምረው ከሲሊንደሩ የጭስ መውጫ መብለጥ የለባቸውም» አሉን። የቀዳዳውን ከንፈር በሞረድ አለስልሰው፥ ማርሚታውን ደጋግመው አራግፈው፥ ጭሱ ወደ ያዡ እጅና ወደ ቤንዚኑ ማጠራቀሚያ እንዳይመለስ አቅጣጫውን አይተው በሁለቱም ቀዳዳዎች ላይ የሽቦ ወንፊት አሰሩ።

ወጣቱ፥ «ወንፊቱ ኃይል አይቀንስበትም?» ብሎ ጠየቀ።

«ንጹሕ ከሆነ የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አሉ አዛውንቱ። «ወንፊት ከሌለው ማርሚታ የሚወጣ ፍም በደረቅ ሣር ላይ ወድቆ እሳት ቢነሣ ግን በመጋዝህ ታጠፋዋለህን?»

ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰውን ታላቅ ቃጠሎ የሚያስታውስ ሰው፥ በደረቅ ወራት አንዲት ብልጭታ ምን ልታደርግ እንደምትችል ያውቃል። ደግሞም በፋብሪካ የተሠራን ማርሚታ የነካ ሰው የሻጩን ዋስትና እንደሚያጣ፥ ጩኸቱም እንደሚጨምር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አዛውንቱም ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነግረው፥ በነገሩ መስማማቱን ከጠየቁት በኋላ ነው መብሻውን ያነሡት።

በማግስቱ ማለዳ መጋዙንና አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በፒክ አፕ መኪና ላይ ጭነን ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት አዛውንቱ መጋዙን አስነሥተው እስኪሞቅ ቆዩና ለአዲስ አበባ አየር ቃኙት፤ ከዚያም ባዶውን እስከ መጨረሻ ነዳጅ ሰጡት። ድምፁ ጥርት ያለ አልነበረም፤ ጉሮሮውን እንደ ያዘው ሰው ይንተባተብ ነበር። ግንዱ ላይ ሲያሳርፉት ግን መንተባተቡ ተወና ድምፁ ጠራ። ከግንዱ ሲያወጡት እንደ ገና ተንተባተበ።

«ክራር የሚቃኝ ሰው የጠራ ድምፅ ይፈልጋል» አሉን። «መጋዝ ግን እንደ ክራር አይደለም። በባዶው የጠራ ድምፅ ካሰማ እየተቃጠለ ነው። መንተባተቡ ቤንዚንና ዘይት ትርፍ እንዳለው ይነግራል፤ ሥራ ሲገባ ያን ትርፍ ይጠቀምበታል፤ ድምፁም ያን ጊዜ ይጠራል። ቪቴውን እዚሁ አትመነዋለሁ፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳይነካው። ቁልቁል ስንወርድ የሚሆነውን በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።»

በፍጥነቱ መንገድ አቃቂንና ዱከምን አልፈን፥ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የከበቧትን ቢሾፍቱን በስተግራ ትተን አዳማ ደረስን። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ከ600 ሜትር በላይ ወርደናል። ቡና ከጠጣን በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን መጋዙን አስነሣነው። መንተባተቡ አለ፤ ነገር ግን ቀጥኗል። ባንጠነቀቅ ኖሮ ልዩነቱን አንሰማውም ነበር።

ከአዳማ በኋላ ምድሩ እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። ወለንጪቲን አልፈን ወደ መተሐራ ስንቃረብ የፈንታሌ ተራራ ጥቁር የቀለጠ ድንጋዩን በግርጌው አፍስሶ ከፊታችን ቆመ። በመንገዱ ዳር የበሰቃ ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። ይህ ሐይቅ የዛሬ 60 ዓመት ግድም 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገዱንና አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ሲጋፋ ኖሯል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሰፋ ማለቱ ለእርሻ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። ወጣቱ በመስኮት እየተመለከተ፥ «በአገራችን ሳይጠሩት የመጣ ነገር ብዙ ነው፤ እዚህ ውሃው፥ እዚያ ዛፉ» አለን።

መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ያህል ነው። ከከተማው ውጭ፥ ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ቆመን መጋዙን ለሦስተኛ ጊዜ አስነሣነው። ወጣቱ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሲሰጠው ያ መንተባተብ ፈጽሞ ጠፍቶ መጋዙ እንደ ነሐስ ጥሩምባ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወጣቱም ፊቱ በራና፥ «አሁን ገና ነፍስ ዘራ!» አለ።

አዛውንቱ ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን አጠፉት።

«ልጄ፥ ሁለቱን ፒስተኖች የበላቸው ይህ ድምፅ ነው» አሉት። «ቪቴውን ማንም አልነካውም። የተለወጠው አገሩ ነው።»

ወጣቱ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ያ በሰፈሩ ሁሉ ያኮራው ድምፅ የጤና ድምፅ ሳይሆን የጣር ድምፅ እንደ ነበረ በዚያ ሰዓት የተረዳ ይመስለናል። እኛም ብንሆን አስቀድሞ በቃል ሲነገረን አመንን እንጂ በጆሯችን እስክንሰማው ድረስ አላወቅነውም ነበር።

አዋሽ ሰባት ምሳ በልተን፥ ከዚያ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ወረር ገባን፤ ከአዲስ አበባ የመጣነው መንገድ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቀድሞው የግራር ሜዳ በብዙ ቦታ በፕሮሶፒስ ተውጧል። ቅርንጫፎቹ እርስ በርሳቸው ተቈላልፈው ፍየል እንኳ አያሳልፉም። እሾሁ የከብቱን እግር ይወጋል፤ የመኪናም ጎማ ይበሳል። ያን ሌሊት በወዳጃችን እርሻ አደርን።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ አምስቱ ጓደኞች ተሰበሰቡ። አዛውንቱ መጋዙን ከመቃኘታቸው በፊት ሰንሰለቱን በሞረድ ጥርስ በጥርስ ሳሉት። «ዱልዱም ሰንሰለት ያለው ሰው ሁልጊዜ ሞተሩን ይከሳል» አሉ። ከዚያም የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አራገፉ፤ በዚያ አገር አቧራው ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን በየዕለቱ ማጽዳት ግድ ነው። በቆሸሸ ማጣሪያ የተቃኘ መጋዝ ማጣሪያው ሲጸዳ ብዙ አየር ስለሚያገኝ ድብልቁ ይሳሳልና። ቤንዚኑንም አዲስ ቀድተው በልኩ ዘይት ጨመሩ። ሰንሰለቱና መምሪያው በቦታቸው እንዳሉ ሞተሩን አስነሥተው በደንብ አሞቁት።

በካርቡራቶሩ ላይ ሦስት ቪቴዎች አሉ። አንዱ የዝግታውን፥ አንዱ የከፍተኛውን ፍጥነት ቤንዚን ይመጥናል፤ ሦስተኛው የሚኒሞው ነው። የቤንዚኑ ቪቴዎች ወደ ግራ ሲፈቱ ቤንዚን ይጨምራሉ፥ ወደ ቀኝ ሲጠብቁ ይቀንሳሉ። አዛውንቱ አስቀድመው ከፍተኛውን ቪቴ ለአደጋ መከላከያ ጥቂት ወደ ግራ ፈቱት። ቀጥለው የዝግታውን ቪቴ ቀስ እያሉ አዙረው ሞተሩ በሚኒሞ ፈጥኖ የሚዞርበትን ቦታ አገኙና ከዚያ ጥቂት መልሰው ፈቱት፤ ነዳጅ ሲሰጡትም ሳይዋልል ወዲያው ተነሣ። ሚኒሞውንም ሞተሩ እንዳይጠፋ፥ ነገር ግን ሰንሰለቱ ከቶ እንዳይንቀሳቀስ አድርገው አስተካከሉት። በሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ ሰው ይቈርጣልና።

ከዚያ በኋላ የከፍተኛው ፍጥነት ተራ ሆነ። ነዳጁን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እስከ መጨረሻ እየሰጡ ቪቴውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራ ፈቱ። ድምፁ ጠርቶ ነበር፤ ከዚያ ሻከረ፤ ከዚያም ያ የምናውቀው መንተባተብ ተመለሰ። አለፍ ብሎ መንተባተቡ ሲወፍርና ጭሱ ሲበዛ ጥቂት መልሰው አጠበቁ። የፕሮሶፒስ ግንድ ላይ ቢያሳርፉት ድምፁ ጠራ፤ ቢያወጡት ተንተባተበ። «ይኸው ነው» አሉ። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያም ይዘው ስለ ነበር የሞተሩ ፍጥነት አምራቹ ከወሰነው እንዳላለፈ አረጋገጡ። «መሣሪያው ጆሮን ይመሰክርለታል እንጂ ስለ ጆሮ አይሰማም» አሉን ፈገግ ብለው።

ከጓደኞቹ አንዱ ግን አልተደሰተም። «ይሄማ የታመመ መጋዝ ነው፤ የድሮው ድምፁ የታለ?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኛም ፈራን፤ አዛውንቱ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፥ ካቻቪቴ ግን በየሱቁ አለ። አንድ ሰው ድምፁን ለማሳመር ብሎ ቪቴውን ሩብ ዙር ቢያጠብቅ የስድስቱ የመጨረሻ ዕድል በዚያው ያልቃል።

መልስ የሰጠው ከመርካቶ ጀምሮ ከእኛ ጋራ የመጣው ወጣት ነው። «መተሐራ ላይ የድሮውን ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ዕቁባችንን የበላው እርሱ ነው» አላቸው። ሳቁም ቆመ።

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ካቻቪቴውን አንሥተው ሁለቱንም የቤንዚን ቪቴዎች ሆን ብለው አዛቡና ለወጣቱ ሰጡት። ወጣቱም እንዳየው አደረገ፤ አንድ ጊዜ አጥፍቶ እንደ ገና አስነሣ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ግን መጋዙ በባዶው ተንተባትቦ በግንዱ ላይ ጠራ። አንድ ሙሉ ማጠራቀሚያ ቤንዚን ከሠሩበት በኋላ ካንዴላውን ፈትተው ቢያዩት ጫፉ የቡና ውሃ መልክ ያዘ። ነጭ ቢሆን ስስ፥ ጥቁርና እርጥብ ቢሆን ወፍራም መሆኑን ያመለክት ነበር።

የቀረው ምክር የሰውን ጤና የሚመለከት ነው። ባለሙያዎች እንደሚሉት ሰው በቀን 8 ሰዓት ያለ ጉዳት ሊሰማው የሚችለው ድምፅ እስከ 85 ዴሲቤል ነው፤ በ100 ዴሲቤል ግን ከ15 ደቂቃ በላይ ይበዛል። የሞተር መጋዝ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል፤ ማርሚታው የተከፈተለት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አዛውንቱ የጆሮ መሸፈኛ ሳያደርግ ማንም መጋዙን እንዳይዝ ስድስቱንም አስማሏቸው። በጆሮው መጋዝ የሚቃኝ ሰው ጆሮውን ካጣ በምን ይቃኛል?

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲደራ ተቀምጠን አየን። አንዱ ይቈርጣል፥ ሁለቱ ቅርንጫፉን ይጎትታሉ፥ ሦስቱ በአካፋና በመቈፈሪያ ጉቶውን ከመሬት በታች ይነቅላሉ። ይህ ዛፍ ከመሬት በላይ ብቻ የተቈረጠ እንደ ሆነ መልሶ በብዙ ቡቃያ ይነሣልና፥ የመጋዙ ሥራ ግማሽ ብቻ ነው። መጋዙ ግን አፈር እንዳይነካ ይጠነቀቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. አንድሬያስ ሽቲል በጀርመን አገር የሠራው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት በእጁ የሚያነሣው መጋዝ ያን ሁሉ ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዶቹም ድብልቃቸውን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ራሳቸው ስለሚቃኙ በካቻቪቴ የሚነካ የቤንዚን ቪቴ የላቸውም። ነገር ግን ባለ ቪቴው ገና በየአገሩ እንጨት ይቈርጣል፤ ባለቤቱም ማርሚታውን በነካ ጊዜ፥ ከደጋ ወደ ቆላ በወረደ ጊዜ፥ ወይም ከቆላ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ ካርቡራቶሩን እንደ ገና መቃኘት አለበት።

በሦስተኛው ቀን የውሃው ሞተር ተተክሎ ሲያበቃ ስንብት አድርገን ተነሣን። መኪናችን ወደ ዋናው መንገድ ስትወጣ አዛውንቱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፥ «እስቲ ዝም በሉ» አሉን። ከእሾሁ ጫካ ውስጥ የመጋዙ ድምፅ ይመጣ ነበር። ተንተባተበ፤ ጠራ፤ ቈይቶም እንደ ገና ተንተባተበ። አዛውንቱ መስኮቱን መልሰው ዘጉና እስከ አዋሽ ድረስ ተኙ።